ሙገሳም ይመርመር

ከኪጋሊ የተመለሰ ሐበሻ ምን እንደሚል ገና አፉን ሳይከፍት ይታወቃል። ከተማዋ ጽድት ያለች ናት፤ መሬት ላይ ቁራጭ ወረቀት አይታይም፤ ሞተረኛው ሄልሜት ያደርጋል፣ ለተሳፋሪውም ያቀብላል፤ ሴት ልጅ ማታ ብቻዋን በእግሯ ትሄዳለች። ከዚያ "እኛስ?" የሚል ቁጭት ይከተላል። ቁጭቱም ፍርድ ለመሆን ብዙ አይቆይም፦ ችግራችን ሥርዓት ማጣት ነው፣ ሕዝባችን ጠንከር ያለ እጅ ይፈልጋል፣ እነሱ ከዚያ ሁሉ እልቂት ተነስተው እዚህ ከደረሱ እኛ ምን ሆነን ነው? ለስብሰባ የሄደውም፣ ለሥልጠና የሄደውም፣ በበጎ ፈቃድ ጥቂት ሳምንት ሠርቶ የተመለሰውም ይዞ የሚመጣው ያንኑ ነው። ሁሉም አንድ ነገር ማለቱ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ተቆጥሮ፣ ኪጋሊ ሰው የሚኖርባት ከተማ መሆኗ ቀርቶ የክርክር ማሸነፊያ ሆናለች።

እኔ ኪጋሊ ቆሻሻ ናት አልልም። ንጹሕ ናት፤ በበጎ ፈቃድ ለአጭር ጊዜ ሄጄ ስሠራ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሙግቴ ከአድናቂው ጋር ነው። በእንግድነት፣ ከማረፊያ ወደ ሥራ በሚወስድ አንድ መስመር ላይ የተለቀመ አድናቆት ስለ መስመሩ ይመሰክር እንደሆነ እንጂ ስለ ከተማዋ አይመሰክርም። እንዲያውም ከንቀት ይልቅ አድናቆት የበለጠ ሊጠረጠር ይገባል። ንቀት መልስ ሰጪ አያጣም፤ ሙገሳን ግን የሚሞግተው የለም።

የንቀቱን ታሪክ ላስቀድም። ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 1961 ነው፤ ናይጄሪያ ነጻ ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ። ኬኔዲ በዚያው ዓመት ያቋቋሙት የሰላም ጓድ፣ ታላላቆቻችን ዛሬም "ፒስኮር" የሚሉት፣ ወደ ናይጄሪያ የላካቸው የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ለሥራቸው እየተዘጋጁ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት የ23 ዓመት ወጣት ማሳቹሴትስ ለሚኖር ወዳጇ ፖስት ካርድ ጻፈች። ሰዉ መንገድ ላይ ይኖራል፣ መንገድ ላይ ያበስላል፣ መንገድ ላይ ይሸጣል፣ ሌላው ቀርቶ መንገድ ላይ ይጸዳዳል የሚል ነበር ነገሩ። ካርዱ ሳይላክ ወድቆ አንድ ተማሪ እጅ ገባ። ተባዝቶ ግቢውን አዳረሰ። ተማሪዎቹ ወጥተው ተቃወሙ፤ መጤዎቹን የኢምፔሪያሊዝም ወኪሎች ብለው ይባረሩልን አሉ። ወጣቷ ይቅርታ ጠይቃ አገሩን ለቀቀች፤ ወሬው ዋሽንግተን ድረስ ዘልቆ የጋዜጣ ርዕስ ሆነ።

ካርዱ ላይ የሰፈረው ሁሉ ፈጠራ ነበር ማለት ይከብዳል። ኢባዳን ውስጥ መንገድ ዳር ይሸጥ ነበር፣ መንገድ ዳር ይበስል ነበር። ጸሐፊዋ ግን ከመኪና መስኮት የሚታየውን ወስዳ የከተማው ልክ አደረገችው። ከመስኮቱ ያልታየው ደግሞ ይህ ነበር፦ ኢባዳን በዚያን ጊዜ ከሰሐራ በታች ካሉት ትልልቅ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ከ1948 ጀምሮ ተቋቁሟል፤ በ1959 የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከፍቶባታል (እኛ ቴሌቪዥን ያየነው ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ቆይተን ነው)። በዚያው በ1961 እነ ወሌ ሾይንካ፣ ቺኑዋ አቼቤና ክሪስቶፈር ኦኪግቦ የተሰባሰቡበት ምባሪ የተባለ የጸሐፍትና የሠዓልያን ክበብ እዚያው ከተማ ውስጥ ተመሥርቷል። ገና ሻንጣዋን ያላራገፈች ወጣት ይህን ታውቅ ዘንድ አይጠበቅባትም። ችግሩ አለማወቋ ፍርድ ከመስጠት አለማገዱ ነው።

ስድብ ግን አንድ ጥቅም አለው፤ የተሰዳቢውን አፍ ያስከፍታል። የኢባዳን ተማሪ ተቆጥቶ ሲመልስ ከተማው ካርዱ ላይ ካለው እንደሚሰፋ ዓለም ሰማ። የኪጋሊ ሰው "ከተማችሁ እንዴት ታምራለች!" ለሚለው እንግዳ ምን ይመልሳል? ፈገግ ብሎ "ሙራኮዜ" ይላል፣ ያመሰግናል። ማን ለሙገሳ ሰልፍ ይወጣል? ስለዚህ ይህኛው ፖስት ካርድ ማንም ሳያርመው ያልፋል፣ ይባዛል፣ አዲስ አበባ ደርሶ የካቢኔ ስብሰባ ላይ ይጠቀሳል። የሁለቱ ካርዶች ጸሐፊዎች አንድ ቦታ ቆመው ነው ያዩት፤ አንዷ አፍንጫዋን ያዘች፣ ሌላው አጨበጨበ።

አሁን መስመሩን እንየው። ካኖምቤ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ፌስታል ከያዝክ ትቀማለህ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ከዚያ መኪናው በሬሜራ አድርጎ በሰፊ አስፋልት ይጓዛል፤ ዳርና ዳሩ የተከረከመ ሣር፣ ዘንባባ። ኪሚሁሩራ ላይ የስብሰባ ማዕከሉ ጉልላት ብቅ ይላል፤ በ2016 የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲስተናገድ የተከፈተው ነው፣ ማታ ማታ በቀለም ያበራል። የእንግዳ ማረፊያው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ፣ ወይም ካቺሩ፣ ወይም ኪዮቩ ነው። ጠዋት የሚወስድህ መኪና ማታ በዚያው ይመልስሃል። ቅዳሜ ኪሚሮንኮ ገበያ ሄደህ ጨርቅ ትገዛለህ፤ ስለሚገባም፣ ጊሶዚ የሚገኘውን የዘር ፍጅት መታሰቢያ ትጎበኛለህ፤ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ያረፈበት ስፍራ ነው። ከዚያ በኋላ ያየኸው ሁሉ የትንሣኤ ምልክት ሆኖ ይታይሃል። ይህ ስሜት ክቡር ነው፤ ዓይን ግን ይጋርዳል። ከመታሰቢያው የወጣ ሰው መንገዱን ማን፣ በምን ውል እንደሚጠርገው ለመጠየቅ አንደበቱ እሺ አይለውም።

እንግዳ እንዲያልፍበት ተብሎ የተዋበ መንገድ መኖሩ ነውር የለውም። የእኛም ቦሌ ለዚሁ ነው። ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ ግን ስለ ጓዳው አይመሰክርም።

የሙገሳው ዋና ምሰሶ ኡሙጋንዳ ነው። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት፣ ሱቅ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል፣ ሰው አካፋና መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፤ ሚኒስትሩም ይወጣል። ይህን ያየ ልቡ ይነካል፤ የእኔም ተነክቷል። ከዚያ "በቃ፣ ጽዳቱ የመጣው ከዚህ ነው" ይባላል። እስቲ እናስላው። በወር ሦስት ሰዓት ነው። ዛፉ ያራገፈው ቅጠል፣ ከሞተር ላይ የተወረወረው የሙዝ ልጣጭ፣ ዝናብ ከኮረብታው ያወረደው ቀይ አፈር ሌላ ወር መጨረሻ እስኪደርስ ይጠብቃል? ኪጋሊን የሚያጸዳት በየቀኑ የሚጠርጋት ሰው ነው። ሰማዩ ሳይገላለጥ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው የሚወጡ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ፣ ከከተማው አስተዳደር ጋር ውል ያላቸው ድርጅቶችና ማኅበራት የቀጠሯቸው ሠራተኞች አሉ። ከየቤቱ የሚነሳውም ቆሻሻ በነጻ አይነሳም፤ ቤተሰቡ በየወሩ ይከፍላል፣ መኪና መጥቶ ይጭናል። የተጫነው ንዱባ ይደፋል። ንዱባ ጋሳቦ በተባለው ወረዳ፣ ከመሀል ከተማ ራቅ ብሎ ያለ ኮረብታ ነው፤ በ2012 የቀድሞው መድፊያ ኒያንዛ ሲዘጋ የተከፈተ። ኪጋሊን ካደነቁልኝ ሰዎች መካከል ንዱባን አየሁ ያለኝ አንድም የለም። ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው በቀበረበት ከተማ የምንኖር ሰዎች፣ ቢያንስ እኛ፣ "ቆሻሻው የት ይሄዳል?" ሳንል መመለስ አልነበረብንም።

"ሩዋንዳዊ ሥርዓት በደሙ አለ" ሲባል የሚደረገው ይህ ነው፦ የአንዲት ሴት የጎህ ሰዓት ጉልበት ከእጇ ተወስዶ የሕዝብ ጠባይ ይባላል። ደሞዟ ስንት ነው? ውሏ የስንት ወር ነው? ቀኑን ሙሉ አቧራ ስትምግ ውላ ስትታመም ማን ያሳክማታል? እነዚህ ጥያቄዎች አይነሱም። ጠባይ ደሞዝ አይጠይቅማ። አድናቂው ሕዝቡን ያከበረ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ሥራውን ከሠራተኛዋ መንጠቅ ነው።

ኡሙጋንዳም ቢሆን እንግዳው እንደሚስለው የመንደር ፌስታ አይደለም። ሥሩ እንደ እኛ ደቦና ወንፈል ያለ መረዳዳት ነው፤ በ1974 ግን የሃቢያሪማና መንግሥት የመንግሥት ፕሮግራም አደረገው፣ ከፍጅቱም በኋላ በ1998 እንደገና ተጀመረ። በ2007 የወጣው ሕግ ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለውን ሰው ሁሉ ያስገድዳል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ እስከ 5,000 ፍራንክ ሊቀጣ ይችላል። እዚህ ላይ የሚገርመኝ የእኛው ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ቀበሌ በእሁድ ጠዋት ለዘመቻ ሲጠራው፣ ስሙ ሲጠራና ቀሪ ሲመዘገብ፣ ያንን ሲረግም የኖረ አባት ኪጋሊ ሄዶ ያንኑ ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ኡሙጋንዳ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቅበት፣ የሰፈር ጉዳይ የሚወራበት መሆኑን እዚያ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ነግረውኛል። ከመካከላቸውም ቅዳሜ ጠዋት ተኝተው ማርፈድ የሚናፍቃቸው ነበሩ። ሁለቱንም የሚሰማ ሰው "ባህላቸው ነው" ብሎ አይዘጋውም።

ከመስመሩ ላይ የሌለችውን ሴት ደግሞ እናንሳ። በራሷ ላይ ቅርጫት ተሸክማ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ቲማቲም የምትሸጠውን። ኪጋሊ መንገድ ላይ መሸጥ ክልክል ነው፤ ሻጭም ገዢም ይቀጣል። "ጉሊት የሚባል ነገር የለም!" ብሎ የተደነቀ እንግዳ ሴትየዋ ሀብታም የሆነች ይመስለዋል መሰለኝ። አልሆነችም። አውቶቡስ ተራው ንያቡጎጎ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ እዚያ ብትወርድ ቅርጫቷን ይዛ ግራ ቀኝ እያየች ትሸጣለች፣ ጥበቃ ሲመጣ ትሮጣለች። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጫማና ካልሲ በላስቲክ ጠቅልሎ የሚሮጥ ልጅ በየቀኑ የምናይ ሰዎች ይህን ሩጫ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። አስተዳደሩ ለእነዚህ ሻጮች ትንንሽ ገበያዎች ሠርቷል፤ ገብተው የሰነበቱ አሉ፣ ገዢ በዚያ አያልፍም ብለው ወደ መንገድ የተመለሱም አሉ።

የተያዙትስ? ጊኮንዶ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ማቆያ አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከ2006 ጀምሮ ደጋግሞ ባወጣቸው ሪፖርቶች የመንገድ ሻጮች፣ ለማኞች፣ የጎዳና ልጆችና ሴተኛ አዳሪዎች ያለ ክስ የሚታጎሩበት ቦታ ነው ብሏል፤ መንግሥት የተሐድሶ መሸጋገሪያ ነው ብሎ ይከራከራል። የኮመንዌልዝ መሪዎች በ2022 ኪጋሊ ላይ ከመሰብሰባቸው በፊት፣ ጉባኤው እየተጠበቀ ሳለ፣ አፈሳ እንደነበር ይኸው ድርጅት መዝግቧል። ማን ልክ ነው የሚለውን ከውጭ የመጣ በጎ ፈቃደኛ በሳምንታት ውስጥ አይፈታውም። ክርክሩ መኖሩን ሳያውቅ "ለማኝ የሌለበት ከተማ አየሁ" ብሎ መመስከሩ ግን ለአንደኛው ወገን ጠበቃ መሆን ነው፤ ያውም ሳይቀጠር።

ኒያሩታራማ የባለጸጎች ሰፈር ነው፤ የጎልፍ ሜዳም አለው። በጥጉ ካንጎንዶ የሚባል፣ ሰዉ ባኒያሄ እያለ የሚጠራው የድሃ ሰፈር ነበር። አስተዳደሩ ነዋሪዎቹን ቡሳንዛ ላይ ወደተሠሩ አፓርታማዎች ላዛውር ሲል ብዙዎቹ እምቢ አሉ፤ ካሳችን በገንዘብ ይሰጠን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ሙግቱ ዓመታት ፈጀ። በ2022 ሰፈሩ ፈርሶ አለቀ። ዛሬ የሚሄድ እንግዳ ባኒያሄን አያይም፤ ስለማያይም ኪጋሊ ጭርንቁስ ሰፈር እንደሌላት ይነግረናል። ባዶ መሬት ታሪኩን አይናገርም፤ ጠያቂ ይፈልጋል።

ለሩዋንዳ የሚገባትን መንፈግ አልፈልግም። አብዛኛውን ሕዝብ ያቀፈው የጤና መድኅን ትልቅ ሥራ ነው። ኒያንዱንጉ ላይ የተጎሳቆለ ረግረግ አገግሞ በ2022 መናፈሻ ሆኖ ተከፍቷል፤ ጎርፍ ለሚያሰጋው ባለ ኮረብታ ከተማ ይህ ከአበባ ተከላ በብዙ ይበልጣል። ግን ልብ በሉ፣ የጤና መድኅን ከመኪና መስኮት አይታይም። አድናቂዎቻችንም አንስተውት አያውቁም። የሚያነሱት ሣሩን ነው።

አንድ መከላከያ አለ፤ ጠንካራው እሱ ነው። "አዲስ ዓይን ነዋሪው የለመደውን ያያል" ይባላል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ የቤቱን ሽታ ባለቤቱ አይሰማውም። ሆኖም አዲስ ዓይን የሚያየው እንደመጣበት አገር ነው። ስቶክሆልም ያደገ ወጣት ኪጋሊ ሲገባ የሚታየው ሞተሩና ኮረብታው ነው፤ ጽዳቱን ላያስተውለውም ይችላል። ሐበሻው የሚያየው አዲስ አበባ ውስጥ ያጣውን ነው፤ የተከደነ ቦይ፣ ያልተቆፈረ የእግረኛ መንገድ፣ በሰልፍ የሚቆም ታክሲ። እንግዲህ አስተያየቱ ስለ አገሩ የቀረበ አቤቱታ ነው። አቤቱታው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስለ ኪጋሊ ግን ምንም አልነገረንም።

የአጭር ጊዜ በጎ ፈቃደኛ በእርግጠኝነት ሊመሰክርበት የሚችል ነገር የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ሥራው ነው። እኔ የሄድኩት የሕክምና መሣሪያ ጠጋኞችን ለማሠልጠን ነበር። ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር የክፍሉን አየር ስቦ ናይትሮጅኑን ያስቀራል፣ ኦክስጅኑን ለታማሚው ይሰጣል። አየር የሚገባበት ማጣሪያ ሲደፈን የኦክስጅኑ መጠን ይወርዳል፣ ማሽኑም ይግላል። የፈታታናቸው ማሽኖች ማጣሪያ በቀይ አቧራ ተለብጦ ነበር፤ በጽዳቷ በተወደሰችው ከተማ። ጠጋኞቹ አልገረማቸውም፤ ከዋናው አስፋልት ገባ ሲሉ ብዙው መንገድ አፈር ነው፣ በበጋ ይቦናል። ማጣሪያውን ሳምንት ሳምንት በሳሙና አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ መመለስ እንደሚበቃ፣ ይህንንም የሚያስታውስ መዝገብ ማሽኑ ላይ ቢንጠለጠል እንደሚጠቅም ተስማማን። ምስክርነቴ ይህን ያህል ጠባብ ነው። ጠባብነቱ ግን መስቀለኛ ጥያቄ ያስችለዋል፤ የትኛው ማሽን፣ የትኛው ክፍል፣ ማን ፈታው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ አለኝ። "ሩዋንዳዊ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው" ያለውን ሰው ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ?

በጎ ፈቃደኛ የሚልኩ ድርጅቶችም ከጥፋቱ ነጻ አይደሉም። ሲመለስ የሚሰጡት ቅጽ "ስለ ከተማው ምን ተሰማዎት?" ይላል። ስለ ማጣሪያው የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ሰው የተጠየቀውን ይመልሳል፤ የተሰማውን ይጽፋል፣ ከፎቶ ጋር።

"ቢሆንስ ምን ይጎዳል? ቁጭት ይፈጥራል፣ ቁጭት ያሠራል" የሚሉኝ አሉ። ቁጭቱ ወዴት እንደሚፈስ ማየት ነው። ፎቶ ይዞ የመጣ ሰው ፎቶውን ለማስመሰል ይቸኩላል፤ ፎቶ ላይ የሌለውን ማስወገድ ደግሞ ከማስተካከል ይቀላል። ፒያሳ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ነዋሪዎቿ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲጓዙ፣ ጥያቄ ላነሳ ሰው ከሚሰጡት መልሶች አንዱ "ሌሎች ከተሞችን ሄዳችሁ እዩ" የሚል ነበር። ዛሬ ለጉባኤ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ከቦሌ ተነስቶ አራት ኪሎ እስኪደርስ በመብራት ያሸበረቀ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ያያል፣ አፉን ይይዛል፣ ፎቶ ያነሳል። በፈረሰው የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበሩ ሰዎች ወዴት እንደሄዱ፣ ልጆቻቸው የት እንደሚማሩ፣ ለሥራ ስንት ታክሲ እንደሚይዙ አይጠይቅም፤ አያውቃቸውማ። እኛ እናውቃቸዋለን፤ ስለዚህ እንግዳው ሲያደንቅ ውስጣችን የሚሰማን ነገር አለ፤ አንዳንዴ ኩራት፣ አንዳንዴ ንዴት፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም። ኪጋሊ ስንሄድ ግን ያንኑ እንግዳ ሆነን እናርፋለን፣ የባኒያሄን ሰው ውስጡ ምን እንደሚል ሳንጠይቅ። ከኪጋሊ የሚመጣ ጠጋኝ አዲስ አበባ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ቢመለስ ለወገኖቹ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም፦ "እኛስ?"

ስለዚህ ኪጋሊን ለአዲስ አበባ አርአያ አድርጌ አቀርባለሁ የሚል ሁሉ ያቅርብ፤ አልከለክልም። ቤተሰቡ ለቆሻሻ በወር ስንት እንደሚከፍል፣ መክፈል ላቃተው ማን እንደሚሸፍንለት፣ የጠራጊዋ ውል ምን እንደሚል፣ ከመንገድ የተነሳችው ሻጭ ለአዲሱ መደብ ስንት ኪራይ እንደምትከፍል፣ ከቤቱ የተነሳው ሰው ካሳው በምን ሒሳብ እንደተሰላ ይዞ ይምጣ። ከእነዚህ አንዷን እንኳ ይዞ ከመጣ ሰው ጋር ቁጭ ብዬ እሟገታለሁ፤ ልረታም እችላለሁ። የስብሰባ ማዕከሉን ጉልላት ፎቶ ይዞ የመጣውን ግን ቡና እጋብዘዋለሁ እንጂ ስለ ከተማ አላወራውም።